የመዝሙር ባለ ርስት

በ1979 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሰርዥ ጌንስቡር የተባለው ስመ ጥር ፈረንሳዊ ዘፋኝ ባሕር ተሻግሮ ወደ ጃማይካ ከወረደ በኋላ፣ «ላ ማርሴዬዝ» የተባለውን የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር በሬጌ ምት አስቀርጾ በተመለሰ ጊዜ፣ አንዱ ወገን ብልኀቱን ሲያደንቅለት ሌላው ወገን ደግሞ የተከበረውን ነገር አረከሰ ብሎ በጋዜጣም በአደባባይም ጮኸበት። ለጩኸቱ ሰበብ የሆነው የከበሮና የጊታር አመታት ቢመስልም፣ ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ሰው ተከራካሪዎቹን ያጣላቸው የርስት ጥያቄ ነበረ፤ ይህን መዝሙር በአፉ ሊያነሣው የሚገባው ማነው? የሚለው ነው። እኔም ዘመኑ ካለፈ በኋላ ፍርድ ስጥ ብባል፣ አዋረደው የተባለው ዘፋኝ ከጠባቂዎቹ ይልቅ ቃሉን አጥብቆ ያነበበ ሰው መሆኑን፣ መዝሙሩንም የነፃነት ተስፋ ተሰጥቷቸው ተስፋው ለብዙ ዘመን ከዘገየባቸው ሕዝቦች ልጆች አፍ ማድረሱን እመሰክራለሁ።

ለፍርዱ እንዲረዳ የመዝሙሩን ትውልድ ማስታወስ ይገባል። ፈረንሳይ በኦስትሪያ ላይ ጦርነት ማወጇ በተሰማበት ሰሞን፣ በስትራስቡር ከተማ የነበረው የመሐንዲስ ጦር መኰንን ሩዤ ደ ሊል፣ በከተማይቱ ከንቲባ በዲትሪክ ጠያቂነት፣ ኤፕሪል 25 ለ26 አጥቢያ 1792 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የደረሰው ዜማ ለራይን ጦር ማደፋፈሪያ የታሰበ የዘመቻ ዜማ ነበረ፤ የማርሴይ ወዶ ዘማቾች እየዘመሩት ፓሪስ ስለ ገቡ ግን ስሙ በእነርሱ ስም ተጠራ። ያስደረሰው ከንቲባ በዚያው አብዮት አንገቱን ተቀላ፣ ደራሲውም ወኅኒ ወረደ፤ ልጁ እንጂ ወላጆቹ ለአብዮቱ አልተመቹትም ማለት ነው። ጁላይ 14 ቀን 1795 ዓ.ም. ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ የተደነገገው ይኸው ዜማ፣ ከዚያ በኋላ በነገሡት ነገሥታት ዘመን ገሸሽ ተደርጎ ኖሮ በ1879 ዓ.ም. እንደ ገና ወደ መንበሩ ተመለሰ። በመካከሉም ያልነካው እጅ የለም፤ ቤርሊዮዝ በ1830 ዓ.ም. ለታላቅ ኦርኬስትራና ለብዙ መዘምራን አቀነባበረው፤ ዣንጎ ሬናርትና ስቴፋን ግራፔሊ በ1946 ዓ.ም. በለንደን በጃዝ ተጫወቱት፤ በ1974 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት የሆኑት ዢስካር ዴስታንም ፍጥነቱ ረገብ እንዲል አደረጉ። እንግዲህ ጌንስቡር ወደ ኪንግስተን በሄደ ጊዜ ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ የቆየ ታቦት ከመንበሩ አላነሣም፤ በየትውልዱ ሲነሣና ሲወድቅ፣ ሲፈጥንና ሲዘገይ የኖረ መዝሙር ተቀበለ እንጂ።

ሰውየው ማን ነበረ? ሉሲየን ጊንስቡርግ ተብሎ በ1928 ዓ.ም. በፓሪስ የተወለደ፣ አብዮት የሩስያን ግዛት ባናወጠ ጊዜ ተሰድደው ወደ ፈረንሳይ የገቡ አይሁዳውያን ልጅ ነው፤ አባቱ በየመጠጥ ቤቱ ፒያኖ እየመታ ቤተ ሰቡን ያስተዳድር ነበር። ጀርመኖች ፓሪስን በያዙ ጊዜ፣ በ1942 ዓ.ም.፣ ገና የ14 ዓመት ብላቴና ሳለ፣ አይሁዳዊነቱን የሚያስታውቅ ቢጫ ኮከብ በልብሱ ላይ ሰፍቶ እንዲሄድ ተገደደ። አድጎም ሠዓሊነትን ሞከረ፣ ሠዓሊነቱን ትቶ ዘፈን ደራሲ ሆነ፤ በቅኔው ብልኀትና በነውረኛነቱ በአንድነት ታወቀ። ከጄን በርኪን ጋር በ1969 ዓ.ም. ያወጣው የፍቅር ዘፈን በብዙ አገር ሬድዮ ታግዷል። ሰውየውን ጻድቅ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢኖር ከእኔ ጋር አይስማማም፤ ዳሩ ግን የሥራ ፍርድና የነፍስ ፍርድ የተለያዩ ናቸው፣ ሁለተኛውም የእኛ ሥልጣን አይደለም።

በ1979 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኪንግስተን ዳይናሚክ ሳውንድስ በተባለው ስቱዲዮ የጠበቁት ሙዚቀኞች የዚያ ዘመን የሬጌ ሊቃውንት ነበሩ፤ ከበሮውን ስላይ ደንባር፣ ቤዝ ጊታሩን ሮቢ ሼክስፒር ይዘውታል፤ ለተቀባይነት ደግሞ የቦብ ማርሌይ ባልደረቦች የነበሩት ሦስቱ ሴቶች፣ ሪታ ማርሌይ፣ ማርሻ ግሪፍትስና ጁዲ ሞዋት ተጠርተዋል። በስፍራው የነበሩት ሰዎች ደጋግመው እንደ ተረኩት፣ ጃማይካውያኑ ይህን በዕድሜ የገፋ፣ ሲጋራ ከከንፈሩ የማይለይ ነጭ እንግዳ መጀመሪያ ላይ በቁም ነገር አልተቀበሉትም፤ ከፈረንሳይ ዘፈን የምታውቁት አለ ወይ ተብለው ሲጠየቁ አንድ ብቻ እናውቃለን አሉ፣ እርሱም ያ የታገደው የፍቅር ዘፈን ነበረ። የዚያ ባለቤት እኔ ነኝ ባላቸው ጊዜ ፊታቸው ተፈታ፣ ሥራውም ተጀመረ፤ በጥቂት ቀኖች ውስጥም አለቀ።

የሬጌ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ከአራቱ ምቶች የመጀመሪያው፣ በሌላ ብዙ ሙዚቃ ከፍ ብሎ የሚመታው፣ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይተዋል፤ የከበሮው ክብደት በሦስተኛው ላይ ይወድቃል፣ ጊታሩም በምቶቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ይገባል፤ ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው ቤዙ ነው። ዳብ የሚባለው ደግሞ የዚሁ የልጅ ልጅ ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኪንግ ታቢ የተባለው የኪንግስተን ሬድዮ ጠጋኝ፣ ሚክሰሩ ፊት ተቀምጦ፣ ተቀርጾ ካለቀው ዘፈን ላይ የዘፋኙን ድምፅ እየቀነሰ፣ ከበሮና ቤዙን ብቻ አስቀርቶ፣ ከተቀነሰውም ድምፅ አንዲት ቃል ወይም ግማሽ ቃል ድንገት ለቆ በገደል ማሚቶ እያራቀ፣ ከሸክላው በስተ ጀርባ ሌላ ሸክላ ሠራ። መቀነስ ራሱ ድርሰት ሊሆን እንደሚችል ያስተማረ ጥበብ ይህ ነው። ጌንስቡርም ከዚህ ጥበብ የተማረ ለመሆኑ አልበሙ ራሱ ምስክር ነው፤ የመጨረሻው ዘፈን በስሙ ላይ ዳብ የሚለውን ቃል ይዟል፣ ከሞተም ከ12 ዓመት በኋላ በ2003 ዓ.ም. የዚያው የኪንግስተን ቅጂ በዳብ ተሠርቶ ለብቻው ታትሟል።

በመዝሙሩ ላይ ያደረገው እንዲህ ነው። የሩዤ ደ ሊልን ቃል ሳይለውጥ፣ ነገር ግን እንደ ወታደር ሳይጮኽ፣ በጆሮ እንደሚነገር ምሥጢር ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገረዋል፤ የሚዘምሩት ሦስቱ ሴቶች ናቸው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ የጥሪው ቃል ይጀመርና ቀሪው በ«ወዘተርፈ» ይታለፋል፤ አልበሙም ከዚህ የተነሣ «ኦ ዛርም ኤ ሴቴራ» ተብሏል። ይህንን ጌንስቡር ከራሱ አላመነጨውም፤ ላሩስ በተባለው መዝገበ ዕውቀት ላይ መዝሙሩን ሲያነብ፣ አዝማቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ እንዳይደገም እንዲያ በምኅጻር ተጽፎ አግኝቶት ነው። የማርሹን ርምጃ ነቅሎ፣ ነሐሱን አስወግዶ፣ የጠላት ደም የሚጠራውን ቃል ራቁቱን አቆመው፤ ሰሚውም ከልጅነቱ ጀምሮ በጩኸት ተሸፍኖ የኖረውን ቃል ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው። ዳብ በዘፈን ላይ የሚያደርገውን እርሱ በአገር መዝሙር ላይ አደረገው ማለት ነው።

ነገር ግን ከሁሉ የበለጠውን ትርጓሜ የሰጠው የተቀባዮቹ ማንነት ነው። የነፃነት አዋጅ ያወጀው የፈረንሳይ አብዮት ባርነትን በ1794 ዓ.ም. ሻረ፣ ናፖሌዎን በ1802 ዓ.ም. መልሶ አጸናው። በዚያው ዓመት ለጃማይካ ጎረቤት በሆነችው በሃይቲ፣ ክሬታ ፒዬሮ በተባለው ምሽግ የተከበቡት ጥቁር ወታደሮች የፈረንሳይን የአርበኝነት መዝሙሮች ይዘምሩ እንደ ነበረ፣ ከከባቢዎቹም ፈረንሳውያን ብዙዎቹ ይህን ሰምተው ታዲያ ፍትሕ ከነማን ጋር ነው ብለው ልባቸው እንደ ታወከ፣ ከጦር አዛዦቹ አንዱ የነበረው ፓምፊል ደ ላክሯ በማስታወሻው ጽፎታል። ከ177 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ባሕር ላይ በምትገኝ ሌላ ደሴት፣ ከባርነት ከተረፉ ሕዝቦች የተወለዱ ሦስት ሴቶች ላ ማርሴዬዝን ሲዘምሩ መስማት፣ የተሰደበ መዝሙር መስማት ሊባል አይገባም። ፈረንሳይ በአፏ አውጃ በግብሯ የዘነጋችውን ቃል፣ ቃሉ የተዘነጋበት ሕዝብ መልሶ ሲያሰማት ነው። ጌንስቡር ይህን ሁሉ አስቦ አደረገው አልልም፤ ሥራው ግን ከሠሪው ዐሳብ አልፎ ይህን ይናገራል።

ተቃዋሚዎቹን በፍትሕ ልስማቸው። ላ ማርሴዬዝ ጀርመኖች በያዙት የፈረንሳይ ምድር የተከለከለ መዝሙር ነበረ፤ ወንድሞቻቸው ወደ መገደያው ሲወሰዱ ሲዘምሩት የሰሙ ሰዎች በ1979 ዓ.ም. ገና በሕይወት ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ትዝታ ያለው ሰው በሬጌ ምት ሲሰማው ቢከፋው፣ ኀዘኑን ማክበር ይገባል እንጂ መሣቅ አይገባም። ነገር ግን ደራሲውና ጋዜጠኛው ሚሼል ድሯ በጁን 1979 ዓ.ም. በ«ለ ፊጋሮ» መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ከዚህ ወሰን ዘለለ፤ ዘፋኙን በሥራው ብቻ ሳይወቅስ፣ አይሁዳዊ በመሆኑ እንዲህ ያለው ድፍረቱ በአይሁድ ላይ ያለውን ጥላቻ ያባብሳል የሚል ክስ ጨመረበት። በዚህም ክርክሩ የተሠወረ መልኩን ገለጠ። ቢጫ ኮከብ በደረቱ ላይ ለብሶ ያደገ ሰው ስለ አገሩ መዝሙር ሲናገር ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ፣ በእንግድነት እንዲቀመጥ ማዘዝ ምን ማለት ነው? ጌንስቡርም በጋዜጣ መለሰለት፤ ለመልሱም የሰጠው ርእስ ያንኑ ኮከብ የሚያነሣ ነበረ።

የክርክሩ ፍሬ በስትራስቡር ታየ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ መዝሙሩ በተወለደባት በዚያችው ከተማ፣ ጌንስቡር ሊዘፍን በቀጠረበት አዳራሽ የቀድሞ አየር ወለድ ወታደሮች ቀይ ቆባቸውን ደፍተው የፊት መቀመጫዎችን ይዘው ቈዩት፤ ዛቻ ስለ ደረሰባቸው ጃማይካውያኑ ሙዚቀኞች መድረክ ላይ አልወጡም። ዘፋኙ ብቻውን ወጣ። እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አንሥቶ፣ ያለ ከበሮና ያለ ጊታር፣ በጥንቱ ዜማ ላ ማርሴዬዝን ዘመረ። አየር ወለዶቹም ሊያውኩት የመጡበት መዝሙር ስለ ሆነ፣ እንደ ወታደር ወግ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ አብረውትም ዘመሩ። ሲጨርስ በእጁ የስድብ ምልክት አሳይቷቸው ወረደ። የእጁን ነገር ባያደርገው እወድድ ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት በአዳራሹ ውስጥ መዝሙሩ የማን እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው ቢኖር፣ መልሱን በሁለቱም ወገን አፍ ሰምቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዲሴምበር 1981 ዓ.ም. ሩዤ ደ ሊል በገዛ እጁ የጻፈው የመዝሙሩ ቅጂ በቬርሳይ ለሐራጅ ቀረበ፤ ጌንስቡርም 135,000 ፍራንክ ከፍሎ ገዛው። በዚያም ቅጂ ላይ አዝማቹ ሲደገም በምኅጻር፣ በ«ወዘተርፈ» ተጽፎ ተገኘ። ደራሲው ራሱ የጻፈውን አጻጻፍ መከተል መዝሙርን ማርከስ ከሆነ፣ የመጀመሪያው አርካሽ ደራሲው ነው። ብራናውን ገንዘብ አውጥቶ ያነበበው ማን ነበረ፣ ሳያነበው የጮኸውስ? ፍቅረ ሀገር በቃል ብቻ ሳይሆን በንባብም ይመዘናል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለንም። በቤተ ክርስቲያናችን አንዱ ቅዳሴ በግዕዝም በዕዝልም ይዜማል፤ ካህኑ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ቢሻገር ቅዳሴው ሌላ ሆነ፣ ረከሰም የሚል ሊቅ አልተነሣም፤ ዋናው ንባቡ ተጠብቆ፣ ዜማው በሥርዓቱ መመራቱ ነው። የምድራዊ መንግሥት መዝሙር ከዚህ የበለጠ ክብር ይገባኛል ሊል አይችልም። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ቀን የተሰማው የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማውን የደረሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን አርመናዊ ነበረ፤ ከኢየሩሳሌም ከመጡት ከ40ዎቹ አርመናውያን ልጆች ጋር አገራችን የገባ ሰው ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። በዚያ ዜማ ትውልድ ሁሉ ቆሞ ሰንደቅ ዓላማ ሲያወጣ፣ የዜማው ባለቤት ዘሩ ከወዴት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አገር መዝሙሯን ከስደተኛ እጅ ብትቀበል ትከብራለች እንጂ አትዋረድም።

ከሬጌ ጋር ያለን ዝምድና ደግሞ ከዚህ ይልቅ የቀረበ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ኪንግስተን በወረዱ ጊዜ ሊያይ ከወጣው ስፍር ቍጥር የሌለው ሕዝብ መካከል ሪታ ማርሌይ ነበረች፤ የራስ ተፈሪያንን እምነት የተቀበለችውም ከዚያች ቀን የተነሣ መሆኑን ደጋግማ ተናግራለች። ስለዚህ ለፈረንሳይ መዝሙር ተቀባይ የሆነችው ድምፅ እምነቷን ያገኘችው በኢትዮጵያ ስም በኩል ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ጌንስቡር ላይ ያለኝ እውነተኛ ወቀሳም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በ1981 ዓ.ም. በባሃማስ፣ በናሶ ከተማ ባስቀረጸው ሁለተኛ የሬጌ አልበም ውስጥ «ንጉሠ ነገሥት» የሚል ስም የሰጠው ዘፈን አለ፤ ስሙን በእኛው ቃል ሰይሞት ሳለ፣ ይዘቱ የራስ ተፈሪያንን እምነት በጥርጣሬና በፌዝ ዐይን የሚያይ ነው። የማያምን ሰው አለማመኑን ይናገር ዘንድ መብቱ ነው፤ ነገር ግን ሙዚቃው የተጫወተው በዚያ እምነት ጥላ በተወለደው ጥበብ፣ ተቀባይነቱም በዚያ እምነት በሚያምኑት ሴቶች ድምፅ ነበረ። በመጀመሪያው አልበም የነካው የራሱን አገር ቅርስ ስለ ነበር፣ ስድቡንም ዛቻውንም የተቀበለው በራሱ ራስ ላይ ነው፤ በሁለተኛው የተሣቀበት የአስተናጋጁ ገበታ ነበረ፣ ለዚህም የከፈለው ዋጋ የለም። ከሁለቱ አልበሞች የመጀመሪያው ሕያው ሆኖ ሁለተኛው ደከም ያለ መስሎ የሚሰማኝ በዚህ ምክንያት ነው። ሙዚቀኞቹ እነዚያው ናቸው፣ ዘፋኙም ያው ነው፤ የጠፋው ዋጋ መክፈል ነው።

ከባዕድ ዜማ መበደር ነውር የሚሆነው አበዳሪው ሲደበቅ ነው። ጌንስቡር ባለቤቶቹን ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ሄደ፣ ስማቸውን በአልበሙ ላይ ጻፈ፣ በፓሪስ መድረክ ከእርሱ ጋር አቆማቸው፤ እርሱም እንደ ጃማይካዊ ለመዝፈን ሳይሞክር በገዛ ቋንቋውና በገዛ ድምፁ ተናገረ። ቅጂው በብዛት ተሸጠ፤ ከዚያ አስቀድሞ ያወጣቸው አልበሞች ያላገኙትን ገበያ አገኘ።

ዛሬም በአገራችን አንድ ወጣት የጥንት ዘፈን፣ ሽለላ ወይም መዝሙር ወስዶ በሌላ ምት ባቀረበ ቍጥር፣ አድናቂውም ነቃፊውም ምቱን ብቻ እያደመጠ ይፈርዳል። እኔ ግን ከፍርዱ በፊት ሦስት ነገር እንዲመረመር እለምናለሁ፤ ቃሉን ከነትርጓሜው አውቆታልን? ዜማውንና ምቱን ከየት እንዳመጣው ተናግሯልን፣ የባለቤቱንስ ድካም ከፍሏልን? የነካውስ የራሱን ነው ወይስ የሌላውን፣ ለነካውስ ራሱን ለወቀሳ አቅርቧልን? በሦስቱም ላይ መልካም መልስ ያለው ሰው፣ ዜማው ለጆሮአችን ቢጎረብጥ እንኳ፣ ከቅርሱ ባለ ርስቶች አንዱ ነው፤ በሦስቱም ላይ መልስ የሌለው ሰው ደግሞ ማርሹን እንደ ጥንቱ ቢያሰማም የርስቱ ተከራይ ነው።